ሃያ ሦስት ለቅሶ በአስር ቀን

ጅዳ፣ ኅዳር 4 ቀን 1993 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ።

እናቴ ስትሞት እናት ለሆንሽኝ ለአክስቴ ለሳሌሃ፤ ይህች ደብዳቤ በጤናና በሰላም እንድታገኝሽ አላህን እለምናለሁ። ጓሮው እንዴት ነው? እንሰቱስ? ጎረቤትሽ ወይንሸትስ ደህና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሙቀቱና ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልሆንኩም።

ወደ አገር በገባችው በሩፋይዳ እጅ የላክሁት ብርድ ልብስና ፔርሙስ ይድረስሽ አይድረስሽ እስካሁን አላሳወቅሽኝም። «ደርሷል» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አሠሪዬ ዘንድሮ ፈቃድ እሰጥሃለሁ ብሏል፤ ግን አስር ቀን ብቻ ናት። ሁለት ዓመት ከታገስኩ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ይሰጠኛል። እስቲ አስቢው አክስቴ፣ ሁለት ወር! አስር ቀን ምን ትሆናለች? ሰው ሰላም ብዬ ሳልጨርስ ሻንጣዬን ልቆልፍ ነው። ስለዚህ ልታገሥ ብዬ ወስኛለሁ። በ1995 ስመጣ ጠግበሽ ታዪኛለሽ።

ደግሞ ጽሑፍሽ ምን ሆኖ ነው? መስመሩ የዘቢዳርን ተራራ እንደሚወጣ ጋሪ ወደ ላይ ይሄድ ይሄድና መጨረሻው ላይ ይገለበጣል። መሠረተ ትምህርት አንደኛ ወጣሁ እያልሽ እየገረፍሽ ያሳደግሽኝ ሴትዮ አንቺ አይደለሽም እንዴ?

የአንቺው ራምዚ


ቡታጅራ፣ ኅዳር 29 ቀን 1993 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ።

ለራምዚ። አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልቦናም ይስጥህ። ከሁለቱ ልቦናውን ያስቀድምልህ።

ብርድ ልብሱ ደርሷል። ፔርሙሱም ደርሷል። ካለፉት ጋር አራት ፔርሙስ ሆነ። ብቻዬን የምኖር ሴት በአራት ፔርሙስ ምን ላድርግ? ሻይ ቤት ልክፈት?

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። «አስር ቀን ምን ትሆናለች» ብለህ ጽፈሃል። እንግዲያው ሃያ አንድ ቀን ምን እንደሆነች ላስታውስህ። በ1990 መጣህ። ሰባት ዓመት ጠብቄህ ነው የመጣኸው። ሃያ አንዱን ቀን ምን አደረግኸው? አንተ በሌለህበት የሞተውን ሁሉ ለቅሶ ስትደርስ ከረምክ። አሥራ ሰባት ቤት! ጠዋት ትወጣለህ፤ አንዱ ቤት ቁጭ ብለህ ታለቅሳለህ፤ ሳትበላ አትሄድም ይሉሃል፤ ትበላለህ፤ ወደሚቀጥለው ሄደህ ደግሞ ታለቅሳለህ። ከዚያ ትመጣና «አክስቴ ደክሞኛል» ብለህ ጥቅልል ነው። ወልቂጤ የአጎትህ ልጅ ፈቲሀ ቤት ሁለት ቀን፣ ለዕቃ ብለህ አዲስ አበባ ሦስት ቀን። ቁርስህን እንኳ ቆመህ ነበር የምትበላው። እኔ ያየሁት ጀርባህን ነው። በሕይወት መኖሬ ጎዳኝ እኮ! ሞቼ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን ተቀምጠህ ታለቅስልኝ ነበር።

ወጉን አልነቅፍም። ያልተደረሰ ለቅሶ ቂም ነው፤ ያስተማርኩህም እኔ ነኝ። ግን አስር ቀን አነሰች ስትል ወላሂ ደሜ ፈላ።

አሁን ስለ ጽሑፌ። ስቀህብኛል አይደል? ዓይኔ ነው ራምዚ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ይላል። ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። በር ስገባ መቃኑ ይመታኛል፤ ከጎኔ የቆመ ሰው ካልተናገረ መኖሩን አላውቅም። ፊት ለፊቴን ብቻ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው አያለሁ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ጠብታውን እያደረግሽ አንድ ዓመት ቢቆይ ነው አለኝ። «ይቆያል» አላለም፣ «ቢቆይ ነው» አለ። በ1995 ጠግበሽ ታዪኛለሽ ላልከው መልሱ ይኸው። በምን ዓይኔ?

ልነግርህ አልፈለግሁም ነበር። አዝኖ ይመጣል ብዬ ፈራሁ፤ ሰው አዝኖልኝ ሳይሆን ናፍቆኝ እንዲመጣ ነበር የምመኘው። ምን ይበጀኛል፣ አስለፈለፍከኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። ሁለት ወርህ ቆጥ ላይ ነው፤ አስር ቀንህ ግን ብብትህ ሥር ናት። ገንዘብ አትላክ። ፔርሙስ አትላክ። ና።

አክስትህ ሳሌሃ


ጅዳ፣ ጥር 18 ቀን 1993 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለአክስቴ፣ አላህ የዓይንሽን ብርሃን ያቆይልሽ። አሚን በይ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆነው። ዝም ያልኩት ቸል ብዬ አይደለም። ስንቴ ጀምሬ እንደቀደድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ተናደድኩ፤ የምጽፍልሽም ተናድጄ ነው። ስለ በግ ዋጋ ሦስት ገጽ ትጽፊልኛለሽ፣ የማን ላም ማን ጓሮ እንደገባች ትነግሪኛለሽ፣ ዓይንሽ እየጠፋ መሆኑን ግን በመስመር ጥመት ልወቀው? እኔስ ሞኙ፣ አይቼው ሳለሁ ቀለድኩበት።

ይሁን። ፈቃዱን ተቀብያለሁ። አሁን የሐጅ ሥራ ስላለ አይለቁኝም፤ ሚያዝያ 20 እገባለሁ፣ ሚያዝያ 30 እመለሳለሁ።

ግን ወንድም ጋሼ የለኝ፣ አንቺኑ ላማክር። ከ1990 ወዲህ በየደብዳቤሽ የጻፍሽልኝን ሟች ሁሉ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ነው። የወይንሸት ባል ጋሽ ወልደማርያም አለ፤ የሠፈሩን ልጅ ሁሉ ብስክሌት ያስተማረ ሰው ነው፣ እንዴት ይታለፋል? የፈቲሀ ባል አብዱልሃፊዝ አለ፤ ለእሱ ወልቂጤ ድረስ ልሄድ ነው። ሌላው ሃያ አንዱ በየገጠሩ ተበትኗል። በቀን ሦስት ቤት ብሮጥ እንኳ አንቺን የማይበት ቀን የለም። ብቀር ደግሞ «ራምዚ ጅዳ ገብቶ ሰው ረሳ» ይባላል፤ ቂሙም የሚያርፈው እዚያው ከነሱ ጋር በምትኖሪው በአንቺ ላይ ነው።

በድብቅ ልምጣ እንዴ? ማንም ሳያየኝ ገብቼ፣ አንቺ ዘንድ ተቀምጬ፣ ሳያዩኝ ልውጣ?

ራምዚ


ቡታጅራ፣ የካቲት 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም።

ለራምዚ፣ አላህ መንገድህን ያቅናልህ።

በድብቅ? በቡታጅራ? አንድ ዶሮ ይዤ ከገበያ ስመለስ አራት ሰው ዋጋውን ይጠይቀኛል፤ አንተን በምን ልሸፍን ነው? በብርድ ልብስህ?

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔም ጨንቆኝ አንድ መላ መታሁ፤ እንዳትስቅ። አንተ ወደ ለቅሶው አትሄድም፤ ለቅሶው ወደ አንተ ይመጣል። በደረስክ በሦስተኛው ቀን ግቢዬ ውስጥ የዕድሩን ድንኳን አስተክላለሁ። ሃያ ሦስቱንም ቤት እጠራለሁ። ትቀመጣለህ፣ ሁሉንም አቅፈህ ታለቅሳለህ፣ ይበላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይበተናል። በአንድ ቀን አለቀ! የቀረው የእኔ ነው።

ለወይንሸት ነገርኳት። «የወልደማርያምን ለቅሶ ይዤ የምመጣው የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለችኝ። ሥጋ አላቀርብም፤ ሥጋ ካልኩ ለክርስቲያኑ ሌላ ቢላ፣ ለሙስሊሙ ሌላ ቢላ ልፈልግ ነው። ቆጮ በጎመንና በአይብ ይበቃል።

ሳሌሃ


ጅዳ፣ መጋቢት 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም።

አክስቴ፣ በጤናሽ ነው? እውነት በጤናሽ ነው? ሰው ሐዘኑን ጠቅልሎ እንደ ክትባት ቀን ሊሰለፍልኝ ነው? ሐጂ ሰማን ሲሰማ ምን ሊል ነው? እሱ የዕድር ዳኛ ከሆነ ጀምሮ የድንኳን ካስማ እንኳ ያለ ወጉ ተተክሎ አያውቅም።

ሰው ይስቅብናል ብዬ እፈራለሁ። ግን ሌሊት ተገላብጬ ሳስበው ሌላ መላ አላገኘሁም። እንዳልሽ አድርጊ፤ ለሰው ግን የራምዚ ሐሳብ ነው እንዳትዪ።

ራምዚ


ቡታጅራ፣ መጋቢት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ።

ለራምዚ፣ ለፈሪው ልጄ።

ሐጂ ሰማን ዘንድ ሄጃለሁ። ነገሩን ሳልጨርስ ብድግ አለ። «ሳሌሃ፣ ሐዘንተኛ ይጠየቃል እንጂ ተነስቶ ጠያቂ ቤት ይሄዳል? ይህን ከየት አመጣሽው? ደግሞ የሦስት ዓመት ሙት ማንሳት በሃይማኖቱም የለም፣ ለቅሶ ሦስት ቀን ነው።»

«እሺ ሐጂ፣ በሃይማኖቱ ከሌለ ልጁ ሃያ ሦስቱንም ቤት ሳይደርስ ይቅር?» አልኩት።

«እሱማ ነውር ነው!»

«አየህ! መድረስም የለም፣ መቅረትም ነውር ነው። እኔ መሃል ላይ ምን ልሁን?»

እኔም የማልለውን አልኩ። «ሐጂ፣ ዓይኔ እየሄደ ነው። እኔም ሐዘንተኛ ነኝ። ሐዘንተኛ ይጠየቃል ካልክ ወደ እኔ ይምጡ።» ጺሙን ነካካና «ድንኳኑ የዕድሩ ነው፣ ጉዱ ግን የአንቺ ነው፤ ውሰጂ» አለኝ። ስወጣ መቃኑ መታኝ፤ እሱ ነው እጄን ይዞ እስከ መንገድ ያደረሰኝ።

ፈቲሀም ከወልቂጤ እመጣለሁ ብላለች። ባዶ እጅህን ና፤ ዕቃ ተሸክመህ ስታወርድና ስታድል ግማሽ ቀን እንዳይበላብኝ።

ሳሌሃ


ጅዳ፣ ግንቦት 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለአክስቴ ለሳሌሃ፣ በሰላም ገብቻለሁ።

ስንለያይ «እኔ ያየሁት ፊት ለፊቴን ብቻ ነው፣ ግራ ቀኙን አንተ ጻፍልኝ» ብለሽ አዘሽኛል። ጻፍኩ፤ ሳትቆጪ አንብቢ።

መጀመሪያ መላሽ የት ላይ እንደተበላሸ። ፈቲሀ ከነአራት ልጆቿና ከነፍራሽዋ ስትወርድ እኔ ያኔውኑ ገብቶኛል። ለአንድ ቀን የመጣ ሰው ፍራሽ አይዝም። ከሃያ ሦስቱ ሃያው ቤት መጣ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ከሕመሙ መነሻ እስከ ቀብሩ ድረስ ይተርክልኛል። ስለ ጋሽ ወልደማርያም ወይንሸት ስትነግረኝ የእውነት አለቀስኩ። ቀትር ሲሆን ዓይኔ አብጦ ካንቺ እኩል ነበር የማየው፣ ይቅር በይኝ።

ያልታሰበው የገበያ ቀን መሆኑ ነው። ገበያተኛው ሲያልፍ ምን ያያል? በሳሌሃ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ውስጥ ይለቀሳል። የእህቷ ልጅ ከጅዳ መጥቷል። እንግዲህ ማን ሞተ ይባላል? በሦስት ጋሪ የተጫኑ የገጠር ዘመዶቻችን ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። «ሳሌሃ! ምነው ሳትነግሪን!» አንዷማ መሃል ላይ ቆማ «ምላሷ ነው እንጂ ሆዷ እኮ ንጹሕ ነበር!» እያለች ታለቅሳለች። አንቺ የጎመን ትሪ ይዘሽ ከጓዳ ብቅ ብለሽ «ማናት ምላሷ ያለችው?» ስትዪ ሴትዮዋ እንዴት እንደወደቀች አላየሽም፤ በግራሽ በኩል ነው የወደቀችው። ውኃ የደፋባት ሐጂ ሰማን ነው። እሱ ራሱ ድንኳኑን በሁለት እጁ ይዞ በሳቅ ሲንፈቀፈቅ ነበር፤ ይህንንም አላየሽም።

ደግሞ ማንም ያላየውን ልንገርሽ። ከጓዳ ከመውጣትሽ በፊት አንድ ሽማግሌ አቀፈኝና «አላህ ጽናቱን ይስጥህ፣ ሳትደርስባት ቀረህ አይደል?» አለኝ። ከሃያ ሦስቱ የአንዷ ዘመድ መስሎኝ አብሬው አለቀስኩ። ኋላ «ማንን ነው?» ስለው «ሳሌሃን ነዋ» አለኝ። አክስቴ፣ ከጓዳ «ጎመን አነሰ!» እያልሽ ስትጮሂ በጆሮዬ እየሰማሁሽ ለአንድ አፍታ አመንኩት። ሁለቱን ወር ይዤ በ1995 ብመጣ ይህንኑ ድንኳን ላገኘው እችል ነበር አልኩ። ብቅ ስትዪ ነው ተነስቼ እጅሽን የያዝኩት። «ልቀቀኝ፣ ትሪው ይደፋል» ብለሽ ጮኽሽብኝ፤ አልለቀቅሁም።

ከዚያ ወዲያ እንደምታውቂው ነው። ድንኳን ከተተከለ በሦስት ቀን ካልሆነ አይነሳም ብለው ሁሉም ተኙብን። የቀሩትን ሦስት ቤቶች ደግሞ ሁለት ቀን ሄጄባቸው፣ ሦስት ቀን ቀረን። ከአስር ሦስት! አንቺም የግቢውን በር ከውስጥ ቆልፈሽ ቁልፉን ጡትሽ ሥር ሸጎጥሽ።

ያን ሦስት ቀን እዚህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያነሳሁ ስንቴ በሐሳቤ ደገምኩት። ጠዋት ጠዋት መድረኩ ላይ በብርሃኑ በኩል ታስቀምጪኝና እንደ ፎቶ አንሺ «ዙር፣ ቀና በል» ትዪኛለሽ። ቅንድቤ ላይ ያለችውን ጠባሳ አገኘሽና «ማነው ይህን ያደረገህ?» ብለሽ ተቆጣሽ። «አንቺ ነሻ፣ በማማሰያ» ስልሽ እንዴት እንደሳቅሽ! ስትስቂ ትከሻሽ ብቻ ነው የሚስቀው፤ እንደዚያ መሆኑን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላየሁትም። እናቴም እንደዚያ ነበር የምትስቀው አልሽኝ። እኔ እናቴ ትስቅ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው መሞቷን ብቻ ነው።

ብርድ ልብሱን ቀድጄ የበሩ መቃን ላይ ስጠቀልልልሽ «ጨርሶ አበደ፣ የጅዳ ብርድ ልብስ!» አልሽ። አሁን መቃኑ ሲመታሽ አያምሽም አይደል?

አሠሪዬን ደግሞ ጠይቄዋለሁ። ያ ሁለት ወር በ1995 አሁንም አለልህ ብሎኛል። ምን ትያለሽ?

ልጅሽ ራምዚ


ቡታጅራ፣ ሰኔ 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለልጄ ለራምዚ፣ አላህ ከክፉ ይሰውርህ።

ደብዳቤህን ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወይንሸት ላንብብልሽ ብትል ከለከልኳት። አንዷን ቃል አያለሁ፤ ከዚያ ቀጣይዋን በጣቴ እየዳሰስኩ እፈልጋለሁ። ድሮ በአንድ ትንፋሽ አንብቤው ፔርሙስ ሥር ነበር የምወሽቀው። ዘንድሮ ግን ቃል በቃል ነው የማገኝህ፤ «ማማሰያ» ላይ ስደርስ ግማሽ ቀን ስስቅ ዋልኩ። ለመጻፍም ማስመሪያ ወረቀቱ ላይ አስደግፌ ነው፤ መስመሬ ቀና ካለ ለዚያ ነው፣ እንዳትኮራብኝ።

ምላሷ ያለችው ሴትዮ ማን እንደሆነች ደርሼባታለሁ። ይቅር ብያታለሁ፤ ከመቶ ሰው እውነቱን የተናገረችው እሷ ብቻ ናት። ፔርሙሶቹን አራቱንም ለለቅሶኞቹ አድያለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ።

የቀኙ ዓይኔ ሄዷል። ለግራው ሳንቲም የምታህል ክብ ቀርታዋለች። አትደንግጥ፣ እኔም አልደነገጥኩም። በዚያች ክብ ውስጥ ሁለት ነገር አይገባም፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንተን ብቻ አስገብቼባታለሁ። ዘንድሮ ዓይኔን ጨፍኜም ጠባሳህ የት እንዳለች አውቃለሁ። ድሮ በሁለት ጤነኛ ዓይን አላውቅም ነበር።

ስለ ሁለት ወሩ ጠይቀሃል። ኤድያ! ሁለት ወር ምን ያደርግልኛል? ሁለት ወር ካለህ አገሩ ሁሉ ይካፈልሃል፤ አንተም «ነገ እቀመጣለሁ፣ ነገ እቀመጣለሁ» ስትል ያልቃል። አስር ቀን ይዘህ ና። ሰባቱን አገር ይብላው፣ ሦስቱ የእኔ ነው። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ፣ ግን 1995ን አትጠብቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጨብጥህ። ሐጂ ሰማንን ጠርቼ፣ ወይንሸትን ከጎኑ አስቀምጬ አስመስክሬያለሁ። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ደረቱን እየደቃ፣ አንተም በሽማግሌው አንገት ላይ ተጠምጥመህ የእኔን ለቅሶ ደርሰሃል። ሐጂም «ደርሷል፣ እኔ አይቻለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ስሞት እየሮጥክ እንዳትመጣ፤ ማንም በአንተ ላይ ቂም ሊይዝ አይችልም። ለሞቴ ያለብህን ጨርሰሃል።

የቀረብህ በሕይወት ያለሁትን መጠየቅ ነው።

አክስትህ ሳሌሃ